«ጋስፕ» የሚያደርግ ሰው እየተነፈሰ ነው ወይ?

ውድ እኅታችን፣ ለቤት ተንከባካቢነት የሚሰጠውን የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት በመከታተል ላይ ሳሉ፣ «ሰውየው ራሱን ስቶ የማይተነፍስ ከሆነ ወይም ‹ጋስፕ› ብቻ የሚያደርግ ከሆነ ደረቱን መጫን ይጀምሩ» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዳጋጠመዎትና ትእዛዙ እርስ በርሱ የሚጋጭ እንደ መሰለዎት ጽፈዋል። መዝገበ ቃላቱ የእንግሊዝኛው «ጋስፕ» ማለት በችግር መተንፈስ ነው ካለ፣ እየተነፈሰ ያለን ሰው ደረት መጫን ምን የሚሉት ነው ብለዋል። አያይዘውም የሚንከባከቧቸው እናት ደረጃ ሲወጡ የሚሆኑትን ነገር በዕለታዊ መዝገብዎ ላይ በዚሁ ቃል መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ እዚህ አሜሪካ በሆስፒታልና በስልክ የሕክምና አስተርጓሚ ሆኜ ስለምሠራ ቃሉ በየጊዜው ይገጥመኛል፤ ስለዚህ በሥራ ላይ ካየሁት ተነሥቼ ልመልስልዎ።

የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ሳይናገር አልፎታል። «ጋስፕ» ማድረግ ማለት አፍን ከፍቶ፣ ድንገት፣ ለሰሚ በሚሰማ ድምፅ አየርን ወደ ውስጥ መሳብ ነው። የትንፋሹ አቅጣጫ ወደ ውስጥ መሆኑ በግሡ ውስጥ ያለ ነገር ሲሆን፣ የእኛ «ተነፈሰ» ግን ይህን አይለይም፤ እንዲያውም በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ወደ ውጭ ያደላል። ጎማው ተነፈሰ ስንል አየሩ ወጣ ማለታችን ነው፤ ለማንም እንዳትተነፍስ ብለን ምስጢር ስንነግርም ከአፍህ አይውጣ ማለታችን ነው። በዚህ ምክንያት «ጋስፕ»ን «በችግር ተነፈሰ» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ አየሩ ወዴት እንደሄደ ሳይናገር ይቀራል።

በአጠገቡ የሚገኙትን ግሦች ቶሎ ለይቶ ማለፍ ይሻላል። «ፓንት» የሚባለው ሮጦ የመጣ ሰው ወይም ውሻ እንደሚያደርገው ማለክለክ፣ ቁና ቁና መተንፈስ ነው፤ ፈጣንና ተከታታይ ነው። «ዊዝ» አስም ያለበት ሰው ደረቱ ሲር ሲር ሲል የሚሰማው ነው፤ በአብዛኛው የሚሰማውም አየሩ ሲወጣ ነው። «ሳይ» በረጅሙ ተንፍሶ እፎይ ማለት፣ ወይም ሐዘንና መሰልቸትን በትንፋሽ ማውጣት ነው። ከእነዚህ መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ ሊያበቃ የሚችል፣ ድንገተኛና ወደ ውስጥ የሚሳብ ሆኖ የሚገኘው «ጋስፕ» ነው። የቃሉ ምንጭ በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ ማዛጋትን የሚገልጽ ግሥ መሆኑን ማወቅ ለማስታወስ ይረዳል፤ ሁለቱም አፍን በመክፈት ይጀምራሉና።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቃሉን የሚጠቀሙበት ምክንያት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ድንጋጤ ወይም መደነቅ ነው፣ ሌላው አየር ማጣት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከግሡ በኋላ በምትከተለው ትንሽ ቃል ነው። «ጋስፕ አት» ከተባለ ሰውየው አንድ ነገር አይቶ ወይም ሰምቶ ክው ብሏል፤ ለምሳሌ የቤት ኪራዩን ዋጋ ሲሰማ። «ጋስፕ ፎር ኤር» ከተባለ ግን አየር አጥሮታል፤ ከውኃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ዋናተኛ ማለት ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ከገጸ ባሕርይ ንግግር ቀጥሎ «ሺ ጋስፕት» ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ተርጓሚዎች «እያለከለከች አለች» ይሉታል፤ ሴትዮዋ ግን ሮጣ አልመጣችም፣ ደንግጣለች። እዚያ ላይ «ክው ብላ» የሚለው የእኛ አነጋገር የተሻለ ይስማማል። በነገራችን ላይ ኃላፊ ጊዜው «ጋስፕት» ተብሎ በአንድ ቀለም፣ በ«ት» ድምፅ ይጨረሳል፤ «ጋስፒድ» ማለት የብዙዎቻችን ልማድ ቢሆንም ሰሚውን ግራ ያጋባል። የብሪታንያ ሰዎች ደግሞ ሻይ ሲያምራቸው ራሳቸውን በዚሁ ቃል ይገልጻሉ፤ የእግር ኳስ ጋዜጠኞቻቸውም እኛ በባከነ ሰዓት የገባ የምንለውን ጎል የመጨረሻው «ጋስፕ» ጎል ይሉታል። ይህ ለፈተናዎ አያስፈልግዎትም፤ ሲሰሙት እንዳይደናገጡ ያህል ነው።

ወደ ሕክምናው ከመግባቴ በፊት በእኛ ሰዎች ላይ ብቻ ያየሁትን አንድ ነገር ልናገር። ብዙ የአገራችን ሰዎች፣ በተለይ አረጋውያን፣ «አዎ» ለማለት ወይም «እየሰማሁ ነው» ለማለት አየር በአጭሩ ወደ ውስጥ ስበው «እ» ይላሉ። ይህን የሚያደርጉት ሳያስቡት ስለሆነ ማድረጋቸውን እንኳ አያውቁትም። ለማያውቀው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን ይህ ድምፅ ሌላ ነገር ሳይሆን «ጋስፕ» ነው። አንድ ጊዜ በስልክ ሳስተረጉም ነርሷ የደም ግፊት መድኃኒት መወሰዱን፣ እግር ማበጥ አለመኖሩን፣ እንቅልፍ መተኛቱን በተራ ትጠይቃለች፤ እናትየዋ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በዚያው በተሳበ ትንፋሽ ይመልሳሉ። ነርሷ ጥያቄዋን አቋርጣ፣ ታማሚዋ «ጋስፕ» እያደረጉ ነው፣ አምቡላንስ ልላክ ወይ አለች። አስተርጓሚ የራሱን ሐሳብ ሲጨምር የራሱ መሆኑን ማስታወቅ ስላለበት፣ «ይህ የአስተርጓሚው ማብራሪያ ነው፤ ድምፁ በባህላቸው የአዎንታ ምልክት ሊሆን ይችላልና እርሳቸውን ይጠይቁ» አልኩ። ነርሷም እባክዎ በቃል ይመልሱልኝ፣ ትንፋሽ አጥሮዎታል ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ እናትየዋ «ኧረ ደኅና ነኝ ልጄ፣ አዎ እያልኩ እኮ ነው» አሉ። የሚንከባከቧቸው ሰው ኢትዮጵያዊ ከሆኑና አለቃዎ አሜሪካዊ ከሆነች፣ ይህን አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። በመጽሐፍዎ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ትርጉሙን የተሸከመው «ጋስፕ» ብቻውን አይደለም፤ «ብቻ» የሚለው ቃል ነው። ልብ በድንገት ሲቆም ደም ወደ አንጎል መሄዱ ይቋረጣል፤ ይሁን እንጂ መተንፈስን የሚያዘው የታችኛው የአንጎል ክፍል ለጥቂት ደቂቃዎች ያህል በቀረችው ኦክስጅን ትእዛዝ መላኩን ሊቀጥል ይችላል። በዚህ ጊዜ ራሱን የሳተው ሰው አገጩ ወደ ታች ይወርዳል፣ አፉ ይከፈታል፣ አንድ ጊዜ ይስባል፣ ከዚያም ብዙ ሴኮንድ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ ይስባል። ድምፁ ማንኮራፋት ወይም ማቃሰት ሊመስል ይችላል። ይህ ሰውነት ሳይታዘዝ በራሱ የሚያደርገው እንቅስቃሴ እንጂ ሰውየውን የሚያቆይ ትንፋሽ አይደለም፤ ሳንባ የገባችውን አየር የሚያደርሳት ደም አይዘዋወርምና። ስለዚህ መጽሐፉ የሚለው «የሚተነፍስን ሰው ይጫኑ» ሳይሆን «ይህን እንደ ትንፋሽ አይቁጠሩት» ነው።

ለቤት ተንከባካቢዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ሳስተረጉም፣ አሠልጣኙ በቃል ማስረዳቱ እንዳልበቃ ስላየ ከመለማመጃው አሻንጉሊት አጠገብ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አሳየን። አገጩን ጥሎ አንድ ጊዜ ኸር አደረገና ዝም አለ፤ ዝምታው ረዝሞ ተማሪዎቹ እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ እንደገና ኸር አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ወዲያው «ያጣጥራል!» አሉ። ልክ ናቸው፤ በአማርኛ ከ«ማጣጣር» የቀረበ ቃል አላውቅም። ሆኖም ቃሉን ብቻውን መስጠት በቂ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ሰው እያጣጠረ ነው ከተባለ ዘመድ ይጠራል፣ ቄስ ይመጣል፣ ሰው ዙሪያውን ከቦ ያለቅሳል እንጂ እጁን አይሰነዝርም። የእንግሊዝኛው መመሪያ ግን ቃሉን ያስገባው በዚያች ቅጽበት እጅ እንዲሰነዘር ነው። ስለዚህ እኔ የማስተረጉመው «አልፎ አልፎ አፉን ከፍቶ ቢስብም፣ ቢያጣጥርም እንኳ፣ እንደማይተነፍስ ቆጥረው ይጀምሩ» እያልኩ ነው።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2010 ባወጣው መመሪያ ላይ «ይመልከቱ፣ ያዳምጡ፣ በጉንጭዎ ይሞክሩ» የሚለውን የቆየ ትእዛዝ ያስወጣውም፣ ሰው በዚህ ዓይነቱ ትንፋሽ እየተታለለና ጊዜ እየባከነ ስለነበር ጭምር ነው። ወደ 911፣ ወደ አሜሪካ የድንገተኛ ጥሪ ስልክ፣ ሲደውሉም የሚጠየቁት ሰውየው ነቅቷል ወይ፣ ቀጥሎም እንደ ወትሮው ይተነፍሳል ወይ ተብሎ ነው። «እንደ ወትሮው» የምትለዋን ቃል ደዋዩ ቶሎ ሳያስተውል «አዎ፣ እያንኮራፋ ነው» ብሎ ከመለሰ፣ በስልኩ ማዶ ያለችው ሠራተኛ ልትሳሳት ትችላለች፤ ስለዚህ የሚያዩትን ይግለጹላት፣ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚስብ ይንገሯት። ሲጫኑ በደረቱ መካከል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለዐዋቂ ሰው ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ከ6 ሳይበልጥ፣ በየመሐሉም ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ እየተውት መሆን አለበት።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብዎ። አስም የተነሣበት ሰው ዐይኑን ገልጦ፣ ተቀምጦ፣ እያናገረዎት አየር ለማግኘት ሲታገል እርሱም «ጋስፒንግ ፎር ኤር» ይባላል፤ የእርሱን ደረት ማንም አይጫንም። መለያው መንቃቱ ነው፤ በመጽሐፍዎ ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ «ራሱን ስቶ» የሚለው ያለ ምክንያት አልተቀመጠም፤ በፈተናውም ላይ ይህን የሚያምታታ ጥያቄ ሊመጣ ይችላልና ጠንቅቀው ያንብቡ።

ስለ መዝገብዎ የጠየቁት ቀላል ነው፦ «ጋስፒንግ» ብለው አይጻፉ። ይህን ቃል ያነበበች ተቆጣጣሪ ነርስ እናትየዋ ነፍሳቸው ልትወጣ ደርሳ እርስዎ ዝም ብለው የዋሉ ይመስላታል። ደረጃ ወጥተው ትንፋሽ ካጠራቸው የተለመደው አገላለጽ «ሾርት ኦቭ ብሬዝ» ነው፤ ይህም የእኛው «ትንፋሽ አጠራቸው» ነው። ከቃሉ ይልቅ ነርሷን የሚጠቅማት ግን በዙሪያው የሚጽፉት ነው፤ ስንት ደረጃ እንደ ወጡ፣ ስንት ደቂቃ ተቀምጠው እንደ ተመለሰላቸው፣ በዚያን ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ይችሉ እንደነበርና ከንፈራቸው መልኩን ቀይሮ እንደሆነ። ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠው ሳሉ ከጀመራቸው ወይም ቃል ሊያወጡ ካልቻሉ ግን መዝገቡን ያቆዩትና መጀመሪያ 911 ይደውሉ።