መልስ፦ ጫናው ሳይነገር በምን ይታወቃል?
ወዳጄ፣ ደራሲው “ወንዱ ይጫናታል” ብሎ ሳይጽፍ አንባቢ የኃይል ልዩነቱን በምን ያውቃል ብለሃል። በአተራረኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የታተመውን የአሜሪካዊውን ደራሲ የሄሚንግዌይን አጭር ልቦለድ “ነጭ ዝሆኖች የመሰሉ ኮረብቶች” እንይ።

ስፔን፣ ባቡር ጣቢያ። ጥንዶቹ ቢራ እየጠጡ ባቡር ይጠብቃሉ። ታሪኩ ከሞላ ጎደል ምልልስ ብቻ ነው። ሰውየው ጽንሱን እንድታስወርድ ይጎተጉታታል፤ ቃሉ ግን አንዴም አይነሳም። ተራኪው እሱን “አሜሪካዊው”፣ እሷን “ልጅቷ” ይላቸዋል። ስፓኒሽ ስለማትችል በጣቢያው ቡና ቤት በር መጋረጃ ላይ የተጻፈውን እንኳ የሚነግራት እሱ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ድግግሞሹ ነው። ካልፈለግሽ ይቅር ይላታል። ወዲያው ደግሞ ቀላል ነገር እኮ ነው ብሎ ይመለሳል። ምርጫ የሰጣት ይመስላል እንጂ አይለቃትም። በመጨረሻ ሲታክታት ዝም እንዲልላት “እባክህ”ን 7 ጊዜ ትደረድራለች። ዝምታም በልመና ሆነ!

ብቻውን ወደ ቡና ቤቱ ሲገባም ተራኪው እሱን ይከተላል፣ እሷ ውጭ ትቀራለች። እሺ ትበል እምቢ አንባቢው እስካሁን ይከራከራል። እኔ እሺ ያለች አይመስለኝም።

ሌላ ታሪክ ስታነብም ወሬውን ማን እንደሚመልሰው፣ ማን ርዕስ እንደሚቀይር አስምርበት።