8 ወር ሙሉ መቀመጫውን ለሚያሳክከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያነበብኩት ሸዋ ሮቢት ጭነት እስኪራገፍልኝ ስጠብቅ ነው። 8 ወር ሙሉ መቀመጫህን እንደሚያሳክክህ፣ ማታ እንደሚብስብህ፣ በቀን ሦስቴ በሳሙና ብትታጠብም አልተው እንዳለህ፣ ሰዎችም «ኪንታሮት ነው፣ ባህላዊ አዋቂ ጋር ሄደህ አስነቅለው» እንዳሉህ ጽፈሃል። እኔ በዚሁ ነገር ሁለት ዓመት ተኩል ተሰቃይቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ሹፌር ነኝ፤ ያለፍኩበትን ልንገርህ። ከሁሉ በፊት ግን ሳሙናውን ዛሬውኑ ተው።

እኔም እንዳንተ ንጽህና የጎደለኝ ይመስለኝ ነበር። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ታውቀዋለህ። በዚያ ብርድ ተነስቼ በሳሙና ፈትጌ እታጠባለሁ፣ በሶፍት ደጋግሜ እጠርጋለሁ። ከዚያ ጣርማ በርን አልፌ ቁልቁል ቆላ ስገባ፣ ላስቲክ የለበሰው ወንበር ላይ ላቡ ከሥር ይጀምረኛል። ሸዋ ሮቢት ስደርስ በርበሬ የነሰነሱበት ያህል ያቃጥለኛል። እንደገና ውሃና ሳሙና ፍለጋ። ሎሚም ሞክሬያለሁ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ የቀባሁ ቀን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በሆዴ ተኝቼ ጥርሴን ነክሼ ነው ያነጋሁት። እባክህን እሱን እንዳትሞክር።

በመጨረሻ አንድ መድኃኒት ቤት ሳያዩኝ ቅባት ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን ተወኝ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቅባቱን ሳቆም ተመለሰ። እንዲህ እየቀባሁ እያቆምኩ 6 ወር ሄደ። በኋላ ሲነገረኝ ክሎቤታዞል የሚባል በጣም ኃይለኛ ቅባት ነው፤ በዚያ ስስ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን ይበልጥ ያሳሳዋል። እውነትም ቆዳዬ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆኖ፣ በሶፍት ስነካው ደም ያወጣ ጀመር። ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ የደሙ ድንጋጤ ነው።

ዶክተሯ ሴት መሆኗን ሳይ አፍሬ ልመለስ ነበር። እሷ ግን ገና ሳታየኝ «እንዴት ነው የምትታጠበው?» አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ በግራ ጎኔ አስተኝታ፣ ጉልበቴን ወደ ደረቴ አስጠግታ አየችኝ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ትንሽ ኪንታሮት አለ፣ የሚያሳክክህ ግን እሱ አይደለም አለችኝ። ሳሙና የቆዳውን ቅባት ይገፈዋል፣ ቆዳው ይሰነጣጠቃል፣ ያሳክካል፤ ስታከው ይቆስላል፣ ቁስሉ ሲያዥ ደግሞ ቆሸሽኩ ብለህ እንደገና ትታጠባለህ። ሁለት ዓመት ተኩል የዞርኩት በዚህ ክብ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ያደረግኩትን ስማ። ከተጸዳዳሁ በኋላ በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ብቻ እታጠባለሁ፣ አልፈትግም። ማድረቁ ላይ ነው ትልቁ ነገር። ባለቤቴ ያረጀ ነጠላዋን በመዳፍ ልክ ቆራርጣ፣ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ሰጠችኝ። እሱን ጫን ጫን አድርጌ ውሃውን አስመጥጠዋለሁ እንጂ አላሽም። ሲደርቅ ቫዝሊን በስሱ፣ ወይም ዶክተሯ ያዘዘችልኝን የዚንክ ቅባት። መኪና ውስጥ ሁልጊዜ የነጠላ ቁራጭና አንድ ሊትር ውሃ አለ። ናይለን ፓንት ጥዬ ሰፋ ያለ ጥጥ ገዛሁ፤ ወንበሩም ላይ አሮጌ ጋቢ አጥፌ አነጠፍኩበት። ሽታ ያለው እርጥብ ሶፍት የሚባለውንም አትንካው፣ ውስጡ ያለው መዓዛ ራሱ ቆዳ ያስቆጣል።

ማታ ላይ ይብሳል ያልከው ሌላ ነገርም ያስጠረጥራል። ቤትህ ልጆች አሉ? ነጭ ክር የምትመስል ትንሽ ትል አለች፤ ሌሊት ወጥታ የሰገራ መውጫው ላይ እንቁላል ትጥላለች። ልጆች ያኩና በጥፍራቸው ለቤተሰቡ ያዳርሳሉ። የኔም ትንሿ ልጅ ሌሊት ትቁነጠነጥ ነበር። አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ሁላችንም በአንድ ቀን ዋጥን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገምን፣ አንሶላውን በሙቅ ውሃ አጠብን፣ ጥፍር ተቆረጠ። እርጉዝ ካለች ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጣትም። ዶክተሯ የስኳር በሽታም መረመረችኝ፤ ስኳር ያለበት ሰው እዚያ ቦታ ፈንገስ ሊይዘው ይችላል።

ምግብ ላይ አንድ አንዱን እየለየሁ ሞከርኩ። ቡና መውጫውን ያላላል፤ ትንሽ እርጥበት ሳይታወቅህ ያፈስና ቆዳውን ያስቆጣል። አቦል ቶና በረካ ጠጥቶ ለሚያድግ ሰው መተው ከባድ ነው፣ ግን ሁለት ሳምንት ሳቆም ለውጡን በዓይኔ አየሁ። አሁን አቦል ብቻ ነው የምጠጣው። ሚጥሚጣና አዋዜም ለኔ ጠላት ሆነው ተገኙ፤ ሽሮ ምንም አላለኝም። ጠዋት የገብስ ቂንጬ ስለምበላ ሰገራዬ ተስተካክሏል፤ ድርቀትም ተቅማጥም ቦታውን ይጎዳሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ፤ ኃይለኛውን ቅባት ያቆምኩ ሰሞን ባሰብኝ። አስር ቀን ያህል ጥፍሬን አሳጥሬ፣ የጥጥ ጓንት አድርጌ ነው የተኛሁት። ዶክተሯ ሃይድሮኮርቲዞን አንድ ፐርሰንት የሚባል ቀለል ያለ ቅባት፣ ከሁለት ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ ፈቀደችልኝ። በሁለተኛው ወር ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።

ማስነቀሉን በተመለከተ፣ ወንድሜ በምታምነው ይዤሃለሁ፣ አታድርገው። የሚያቃጥል ነገር ቀብተው «ነቀልነው» ይሉሃል፤ የተቃጠለው ሥጋ ጠባሳ ሲሠራ መውጫውን ሊያጠበው ይችላል፣ ያኔ መጸዳዳት ራሱ ስቃይ ነው። ደም ካየህ፣ እብጠት ከዳሰስክ፣ የሰገራህ ነገር ከተለወጠ ወይም ሳታስበው ከከሳህ ደግሞ የኔን ምክር ተወውና በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂድ። 8 ወር የቆየ ነገር ደግሞ እነዚህ ባይኖሩም መታየት አለበት። ምን ብዬ ልጀምር ብለህ አትጨነቅ። «መቀመጫዬን ያሳክከኛል፣ 8 ወር ሆነኝ» በል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁህ እነሱ ናቸው።