«ቡናው ሲጥመኝ አፍራለሁ»

ዓመት ሊያልቅ ሲል ደብዳቤ ይበዛብኛል። ጳጉሜን አጭር ናት፣ ግን ሰውን ሒሳብ ታስይዛለች፤ ምን አገኘሁ፣ ምን አጣሁ ታስብላለች። 2017ን ልንሸኝ ስንል ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መረጥኩ። ሦስቱ ሰዎች አይተዋወቁም፣ የሚያብከነክናቸው ነገር ግን ይመሳሰላል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። ዘንድሮ ያልመጣብኝ የለም። ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር ተነስቶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን። ባለቤቴ የሚሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ወጣ። እናቴ ስኳሯ ከፍ እያለ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኛች። ውሃ በፈረቃ ነው፣ እሱም ሌሊት። የሚገርምሽ ግን፣ ጠዋት ልጆቹን ሸኝቼ ብቻዬን ቡና አፈላለሁ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ አለ፣ የመጀመሪያውን ፉት ስል ደስ ይለኛል። በቃ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ አፍራለሁ። «ባልሽ ሥራ ፍለጋ በእግሩ ይዞራል፣ አንቺ እዚህ ፀሐይ ትሞቂያለሽ» የሚለኝ ነገር አለ። ሰው ደግሞ «ተመስገን በይ፣ ከዚህ የባሰ አለ» ሲለኝ መጮህ ያምረኛል። ምን ነክቶኝ ነው?
ባለ አራተኛ ፎቋ

መልስ፦ ምንም አልነካሽም እህቴ። ልቤ የሄደው ወደ ቡናው ነው፣ ግን ከተመስገኑ ልጀምር። ያናደደሽ እሱ ነው።

እኛ ጋ ተመስገን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሰላምታ ነው። «እንዴት ነሽ?» ሲሉሽ ሳታስቢው ከአፍሽ ይወጣል፣ እግርሽ ተሰብሮም ቢሆን። ክፋት የለውም፤ ሁሉም ሰው ጓዳ ድረስ መግባት የለበትም። ሌላው ለፈጣሪ የሚባለው ነው። ቃሉን ልብ ብለሽ ካየሽው «አንተ ተመስገን» ማለት ነው፣ በቀጥታ ለእሱ፣ መሀል ላይ ሦስተኛ ሰው የለም። ስለዚህ ሌላ ሰው «ተመስገን በይ» ሲልሽ ያልተጠራበት ገብቷል። ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፣ የሚለው ሲጠፋው ነው። «ከዚህ የባሰ አለ» የሚባለው ግን እኔንም ያናድደኛል። የባሰበት ሰው መጥቶ ቢቀመጥ ምን ልንለው ነው? ካንተም የባሰ አለ?

ደግሞ ኑሮው የከበደሽ ምስጋና ስላነሰሽ አይደለም። ስለከበደ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር አልፏል። ደመወዝ ለተቋረጠበት ቤት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ዘይት ለመግዛት ሱቅ የሄደ ያውቀዋል።

አሁን ቡናው። ፉት ስትዪ ደስ ካለሽ ደስ ይበልሽ። 2017 ጥሩ ዓመት ነበር ብለሽ አልፈረምሽም፣ ቡና ነው የጠጣሽው። ፀሐይዋም የባልሽን ሥራ አልወሰደችም። ቡናውን ብትደፊው እሱ ነገ ሥራ አያገኝም፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ተጨማሪ የደከመ ሰው ይኖራል እንጂ። እሱንስ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ሲዞር ውሎ አንድ ቀን የድሮ ባልደረባው አግኝቶት ማኪያቶ ጋብዞት፣ እግሩን ዘርግቶ ስቆ ሊሆን ይችላል፣ ቤት ሲመጣ ግን ፊቱን ቋጥሮ የገባው እንዳንቺው አፍሮ ነው። ሁለታችሁም ትንሿን ደስታ እንደ ሌባ ደብቃችሁ ከሆነ ያሳዝናል። ቅዳሜ ጀበናውን ለሁለት ጣጂውና አውሩት።

አንድ ቃል ግን ከደብዳቤሽ ውስጥ ጎላብኝ። «ብቻዬን» ብለሻል። የድሮ ሰፈርሽ ብቻሽን ጠጥተሽ የምታውቂ አይመስለኝም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የተባለው ሰው ቶሎ እንዳይነሳ ነው ባይ ነኝ፤ ለአንድ ሰው ማን ሦስቴ ያፈላል? ስለዚህ የሚያሳፍርሽ ከሚመስልሽ ነገር ግማሹ ናፍቆት ሳይሆን አይቀርም።

እኔም ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከማንም ጋር አልተዋወቅኩም፣ ደረጃ ላይ ጭንቅላት ነቅንቆ ማለፍ ብቻ። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የግቢው ውሃ መጣ። ጀሪካን ይዤ ስወርድ ከሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ በፒጃማዋ ላይ ነጠላ ደርባ፣ በአንድ እግሯ የሷን በሌላው የልጇን ጫማ አድርጋ ጀሪካን ትጎትታለች። እግሯን አየሁ፣ እሷም አየች፣ ከዚያ ቁጭ ብለን ሳቅን። አንዳችን ስንቀዳ አንዳችን ስናወጣ አስር ሰዓት ሆነ። ጠዋት ልጇ በሬን አንኳክቶ «እማዬ ቡና ጠጪ ብላሻለች» አለኝ። ይሄው ዘጠኝ ዓመት ሆነን።

ያንቺም ደረጃ ላይ ሰፈሯ ተነስቶ የመጣች አትጠፋም። ረከቦቷን ይዛ መጥታ ስኒዎቿ መንገድ ላይ የተሰበሩባት ልትኖር ትችላለች። ልጅሽን ላኪባት። ቡና ተወዷል፣ አውቃለሁ፤ ተራ ግቡ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ቡናው የማይጥምሽ ቀን ከመጣ፣ ያም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ እንቅልፍና ምግብም ከተዛባ፣ ያኔ ነገሩ የምስጋና ጉዳይ አይደለም። የጤና ጉዳይ ነው፣ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ፀበል የምትሄጂ ከሆነም ሂጂ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ዛሬ ግን እየጣመሽ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ዕድሜዬ 67። ባለቤቴ በየካቲት አረፈች። ቶሮንቶ የምትኖረው ልጄ «አባዬ፣ በየማታው የምታመሰግንባቸውን ሦስት ነገሮች ጻፍ» ብላ ያማረ ደብተር በሰው ላከችልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ደብተር ሳርም ኖሬ አሁን ደግሞ የራሴን? ለመሆኑ ምስጋና ለፈጣሪ ነው ወይስ ለደብተር? ልጄን ላስቀይማት አልፈልግም። ደብተሩ ግን እስካሁን ባዶ ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ልጅዎ ከየትም አላመጣችውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ሮበርት ኢመንስ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረባቸው ጋር ተማሪዎችን በሦስት ከፍለው ለአስር ሳምንት አስጻፏቸው። አንዱ ቡድን በሳምንት አንዴ እስከ አምስት የሚያመሰግንባቸውን ነገሮች፣ አንዱ ያበሳጨውን፣ ሌላው እንዲሁ ያጋጠመውን። ምስጋናውን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ተአምር አይደለም፣ የተሻለ። ሌላ ጥናት ላይ ደግሞ በሳምንት አንዴ የጻፉት ሦስት ጊዜ ከጻፉት ይልቅ ተጠቅመዋል። እንደሚመስለኝ በየቀኑ ሲሆን ነገሩ የቤት ሥራ ይሆናል፣ የቤት ሥራ ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ጠዋት በር ላይ ተቀድቶ። ስለዚህ በየማታው የሚለውን ይተዉት። እሁድ እሁድ ይበቃል። ልጅዎንም መምህሯ እንደፈቀደላት ይንገሯት።

እኔም ሞክሬዋለሁ። በ2012 ኮሮና መጥቶ ቤት የተቀመጥን ጊዜ ደብተር ገዝቼ «ለጤናዬ፣ ለቤተሰቤ፣ ለሰላም» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም ያንኑ። በሦስተኛው ቀን ደብተሩ የሽንኩርት ሒሳብ መጻፊያ ሆነ። ወር ገደማ ቆይቶ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ የግቢው ልጆች ከየፎቁ ባንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ጮኹ፣ ፍሪጄም ግር ብሎ ተነሳ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ዕንባዬ መጣ። ያቺን ጻፍኳት። ከዚያ ወዲህ የጻፍኳቸው እንደሷ ያሉ ናቸው፤ የታክሲ ረዳት መልሴን ይዞ ሮጦ የደረሰብኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን በዓይን የሆነልኝ እንጀራ። «ለጤናዬ» የሚለውን እግዜር ሳልጽፈውም ያውቀዋል።

እርስዎም «ለሕይወቴ» ብለው አይጀምሩ። ስለ እሷ ይጻፉ። ሻይ ውስጥ ስንት ቅርንፉድ ትጨምር ነበር? ሬዲዮ ሲከፍቱ ምን ትልዎ ነበር? እያዘኑም ማመስገን ይቻላል፣ እኔ እንዲያውም ሁለቱን አንድ ላይ እንጂ ለየብቻ አይቻቸው አላውቅም።

ለደብተር ነው ወይ ላሉት ግን እውነት አለዎት። የእኛ ምስጋና ተቀባይ ይፈልጋል። «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል እኔ የምከፍልህ የለኝም፣ እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ ማለታችን ነው፤ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ከሌለ ቃሉ መሄጃ የለውም። በለቅሶው ድንኳን የተከለ፣ አግዳሚ የተሸከመ፣ ምግብ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ከአርባው በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ተበተነ፣ ልማድ ነው። አንዱን ይምረጡና በዚያ ባማረ ደብተር ላይ ደብዳቤ ይጻፉለት፣ ገጹን ቀደው ቤቱ ድረስ ሄደው ያንብቡለት። ማርቲን ሰሊግማን የተባሉ ሌላ ምሁር ይህንኑ ሰዎችን አስደርገው የጻፉት ሰዎች ደስታ ወር ያህል ከፍ ብሎ መቆየቱን አይተዋል፣ ከዚያ ይበርዳል። ወር ትንሽ አይደለም፤ ሲበርድ ሁለተኛውን ሰው ይፈልጋሉ። እድርተኛ መቼም አያልቅም።

ስህተት ካገኙብኝ በቀይ ያርሙልኝ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ዘንድሮ ታምሜ ነበር፣ ብሩም ቀርቶብኝ ነበር። እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እላታለሁ። ውሸታም ነኝ? ደስታዬ አንድ ነው፣ ማታ በሬን ዘግቼ እሷ የላከችውን ሽሮ ሠርቼ መብላት።

መልስ፦ ውሸታም አይደለሽም የኔ እህት፣ እናቱን የማይዋሽ ስደተኛ አላየሁም። ግን «ደህና ነኝ» እሷንም አያጠግባትም፣ ስልኩን ዘግታ ድምፅሽን ነው ስታብሰለስል የምታድረው። ሽሮውን ንገሪያት። በየትኛው ድስት እንደሠራሽው፣ ሽታው ሳሎን ደርሶ እመቤቲቱ ምን እንዳለች፣ ዘንድሮ በርበሬው እንደበዛበት። በርበሬው በዛ ስትዪያት ትከራከርሽ ይሆናል፣ ያኔ ልጄ ደህና ናት ትላለች።

ሕመሙንና ብሩን ደግሞ እዚያው አንድ የምታምኛት ሰው ይወቀው፣ የጸሎት ጓደኛሽም ብትሆን፣ የአገርሽ ልጅም ብትሆን። ብቻሽን አትያዥው። ሽሮው ሲያልቅ ግን እናትሽን እንዳትደብቂያት።