በትእዛዝ ያሠራሁት ከበሮ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፁ ለምን ይሳሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የባሕል ሙዚቃ ቡድን ውስጥ ከበሮ መቺ ነኝ። ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ በሁለቱም ፊት የበሬ ቆዳ የለበሰና በጠፍር የተወጠረ ከበሮ በትእዛዝ አሠርቼ፣ በቅርቡ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ስቱዲዮ የሙከራ ቀረጻ አደረግን። ባለሙያው አንዱን ማይክ ለሰፊው ፊት፣ ሌላውን ለጠባቡ ፊት አስጠግቶ፣ ሦስተኛውን ራቅ አድርጎ አቆመ። ክፍሉ ውስጥ ስመታው ደረት የሚያርገበግበው ከበሮ፣ ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ ግን ካርቶን የሚመታ መሰለኝ። ባለሙያው «ዝግጁ የከበሮ ሳምፕል (አስቀድሞ የተቀረጸ የሌላ ከበሮ ድምፅ) ብንደርብበት ይሻላል» ይለኛል። አልበሙን ለመቅረጽ ቀን ቆርጠናል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሳምፕሉን ለጊዜው ያቆዩት። እንደ ጻፉልኝ ከሆነ ከበሮውም ሆነ አመታትዎ ችግር ያለበት አይመስለኝም፤ የምጠረጥረው የማይኮቹን አቋቋም ነው። ሰፊውን ፊት በመዳፍዎ ሲመቱት ቆዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ በከበሮው ሆድ ያለው አየር ደግሞ ተገፍቶ የጠባቡን ፊት ቆዳ ወደ ውጭ ይነፋዋል። ስለዚህ በዚያው ቅጽበት በሰፊው ፊት በኩል የቆመው ማይክ አየሩ ሲሸሸው፣ በጠባቡ በኩል የቆመው ደግሞ አየሩ ሲገፋው ይመዘግባሉ። ሁለቱ ትራኮች (የየማይኩ ቅጂዎች) በሚክስ፣ ማለትም በሚቀላቀሉበት ጊዜ፣ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይሽራል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋውም ዝቅተኛው ድምፅ፣ ማለትም ያ ደረትዎን የሚያርገበግበው ነው።

መድኃኒቱ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። በፕሪአምፑ (የማይኩን ድምፅ በሚያጎላው መሣሪያ) ወይም በመቅረጫው ፕሮግራም ላይ፣ በሰያፍ መስመር የተሰረዘ ክብ ምልክት ያለበት፣ የድምፁን ሞገድ የሚገለብጥ የፖላሪቲ ቁልፍ ይገኛል። ሁለቱን ትራኮች በእኩል መጠን ከፍታችሁ፣ ድምፁን ሞኖ (ሁሉም በአንድ መስመር ተደምሮ የሚወጣ) አድርጋችሁ፣ ከሁለቱ ማይኮች በአንዱ ላይ ብቻ ቁልፉን እየጫናችሁና እየመለሳችሁ አዳምጡ፤ ድምፁ የሚሞላበትን ያዙ። ይህ መደረግ ያለበት ከመቅረጻችሁ በፊት ነው፤ ምክንያቱም ከበሮው ሳስቶ የተሰማው መቺ ሳያውቀው ጠንክሮ መምታት ይጀምራል፣ ያን ጊዜ አመታቱም ይበላሻል።

ሦስተኛው ማይክ ሌላ ጣጣ አለው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ የሚጓዘው 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሩቁ ማይክ ከቅርቡ ይልቅ 1.7 ሜትር ቢርቅ ድምፁ 5 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ 5 ሚሊ ሰከንድ ደግሞ የ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ) ሞገድ ግማሽ ዙር ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲደመሩ በዚያ ድምፅ ላይ ይጣፋሉ። የትልቅ ከበሮ ጉልበት ያለው እዚያው አካባቢ ነው። በሜትር መለካት ግን አያስፈልግም፤ እርስዎ ሲመቱ ባለሙያው የሩቁን ማይክ ስንዝር በስንዝር እያንቀሳቀሰ ያዳምጥ። ይህን ማይክ ከነአካቴው እንዲተውት አልመክርም፣ ምክንያቱም ቅርብ ማይክ ብቻውን የቆዳውን አንድ ቦታ እንጂ ሙሉውን ከበሮ አይሰማም።

ስለ ማይኩ ዓይነት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ስቱዲዮዎች ከበሮ ሲባሉ ወዲያው የሚያነሡት ለድራም ሴት እግር ከበሮ የተሠሩትን፣ እንደ ሹር ቤታ 52 እና ኤኬጂ ዲ 112 ያሉትን ነው። እነዚህ ማይኮች በጥሩነታቸው የታወቁ ቢሆኑም፣ መካከለኛውን ድምፅ ቀንሰው የታችኛውንና የላይኛውን እንዲያጎሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የእኛ ከበሮ ግን የመዳፉ ልስላሴና የእንጨቱ ድምፅ የሚሰሙት በዚያው በተቀነሰው መካከለኛ ድምፅ ላይ ነው። ስለዚህ ለሰፊው ፊት ኤሌክትሮ ቮይስ አርኢ 20 ወይም ዜንሃይዘር ኤምዲ 421 ካለ እሱን ይጠይቁ፤ ለጠባቡ ፊት ሹር ኤስኤም 57 ይበቃል። ማይኩን ከቆዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቆ፣ ወደ መሐሉ ሳይሆን በመሐሉና በጠርዙ መካከል ማነጣጠር ጥሩ መነሻ ነው። መቺ ዘፈኑ ሲሞቅ ከሙከራው ይልቅ እንደሚበረታ የታወቀ ስለሆነ፣ ቀረጻው በ24 ቢት ይሁንና ከፍተኛው ምት ከመቅረጫው መለኪያ ጣሪያ፣ ከዜሮ፣ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆይ ያስደርጉ።

ከማይክ በፊት ግን ቆዳው አለ። እርጥበት ያላላዋል፣ ሙቀትና ደረቅ አየር ይወጥረዋል፤ የክረምት ከበሮና የበጋ ከበሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የማይሰጡትም ለዚህ ነው። አዲስ የተወጠረ ቆዳ በየቀኑ ካልተመታ ቦታውን አይዝም፣ ስለዚህ እስከ ቀረጻው ድረስ በደንብ ይምቱት፤ ላልቶ ካገኙትም ወደ ሠሪው ወስደው ጠፍሩን ያስጠብቁት። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ እንደ ደረሰም ከቀረጻው በፊት በነበረው ሌሊት ስቱዲዮው ውስጥ ይደር። በየዘፈኑ መጀመሪያ ሁለቱን ፊቶች አንድ አንድ ጊዜ መትተው ያስቀርጹ፤ ቆዳው በመሐል ቢላላ ወይም ቢወጠር ከመጀመሪያው ጋር አስተያይተው ወዲያው ያውቁታል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቁ፣ ማንገቻው ሲንቀሳቀስ የሚሲጥ ከሆነም በጨርቅ ይጠቅለል።

ወደ ሳምፕሉ ስንመለስ፣ ባለሙያው ክፉ አላሰበም፤ የሳሳውን ሊሞላ ነው የፈለገው። ነገር ግን ግንድ መርጠው፣ ቆዳ አስመርጠው ያሠሩት ከበሮ ላይ በሌላ ሰው እጅ የተመታ የሌላ ከበሮ ድምፅ ከተደረበ፣ አድማጭ የሚሰማው የእርስዎን ከበሮ አይሆንም፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። ይልቁንስ በቀረጻው መጨረሻ ግማሽ ሰዓት ይመድቡና፣ ክፍቱን ምት፣ የታፈነውን ምትና የጠርዙን ምት በሁለቱም ፊት፣ በለስላሳ፣ በመካከለኛና በጠንካራ ኃይል፣ እያንዳንዱን ደጋግመው ድምፁ እስኪያልቅ እየጠበቁ ያስቀርጹ። በሚክስ ጊዜ አንድ ምት ተበላሽቶ ቢገኝ የሚተካው በራሱ በከበሮው ድምፅ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት አሠርቼ ያመጣሁት ከበሮ እዚህ አሜሪካ የብርዱ ወራት ሲገባ ቆዳው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ድምፁ ቀጠነ፤ እንጨቱ ላይም ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። በፌብሩዋሪ ስቱዲዮ እገባለሁ። ምን ላድርግ?
ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ ጥፋቱ የውጭው ብርድ ሳይሆን የቤት ማሞቂያው የሚያደርቀው አየር ነው። ከበሮውን ከማሞቂያው አርቀው፣ የአየር ማርጠቢያ መሣሪያ ባለበት ክፍል ያኑሩት፤ በእርጥበት መለኪያ ከ40 እስከ 50 በመቶ ያለውን ጠብቀው ቢያቆዩት ቆዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለዝባል። ቆዳውን በውኃ አይንከሩት፣ ምክንያቱም መልሶ ሲደርቅ ያለ ልክ ተወጥሮ ሊቀደድ ይችላል። ስንጥቁ ሲመታ የማይንጣጣ ከሆነ ለቀረጻ አያግድም፤ የሚንጣጣ ከሆነ ግን ማይኩ አይምረውምና የእንጨት ባለሙያ አስቀድሞ ይሙላው። በቀረጻው ቀን ከቀዝቃዛ መኪና አውጥተው ወዲያው እንዳይመቱት፤ ቀደም ብለው ይድረሱና ከነሽፋኑ የክፍሉን አየር እስኪላመድ ያቆዩት።