ሦስት ሳምንት በሰው ቤት

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ጌታ ይባርክዎት። የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። 24 ዓመቴ ነው። በሚቀጥለው ወር ከቸርቻችን ወጣቶች ጋር ለሦስት ሳምንት የሚሽን አገልግሎት ወደ ኬንያ፣ ኪሱሙ እንሄዳለን። የምናርፈው ሆቴል ሳይሆን ሁለት ሁለት ሆነን በአማኞች ቤት ነው። ለእኔና ለጓደኛዬ የደረሰን ቤት ባልና ሚስት፣ አራት ልጆችና አያት ያሉበት ነው። ሀብታሞች እንዳልሆኑ ተነግሮናል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከአገልግሎቱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ቤቱ ነው። ሸክም የምንሆንባቸው ይመስለኛል። በራሴ ገንዘብ በአቅራቢያው ፔንሲዮን ብይዝ ኃጢአት ነው? ደግሞ እዚያ አገር ሥጋ የሚያርዱት ሙስሊሞች ናቸው ሲባል ሰማሁ። ቢያቀርቡልኝ ምን ላድርግ? ቡድናችን ረቡዕና አርብ ለመጾም ተስማምቷል፤ ይህንንስ እንዴት ነው የምነግራቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ። ከፔንሲዮኑ ልጀምር። ኃጢአት አይደለም። ግን አትያዢ።

ሉቃስ 10ን አውጥተሽ አንብቢ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ ስለሚሰብኩት ነገር የተናገረው በጣም አጭር ነው። የእግዚአብሔር መንግሥት ቀረበች በሏቸው አለ፣ በቃ። ስለሚያርፉበት ቤት ግን ዘርዘር አድርጎ ነው የነገራቸው። ስትገቡ አስቀድማችሁ ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን በሉ። እዚያው ተቀመጡ። ካላቸው ብሉ፣ ጠጡ። ያቀረቡላችሁን ብሉ። ከቤት ወደ ቤት አትተላለፉ። «ብሉ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ነው ያለው። እኛ ይህን ክፍል ስናስተምር በሩጫ አልፈን ወደ ተአምራቱ እንሄዳለን። ጌታ ግን እራትና መኝታ ላይ ቆየት ብሏል።

ከቤት ወደ ቤት አትተላለፉ ያለበትን ምክንያት ለድሬ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ዘመድሽ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ቤታችሁ እያለ ከዚራ ሆቴል ቢይዝ እናትሽ ምን ትላለች? «ቤታችን ምን ሆነ?» አይደል የምትለው? ዓመት ሙሉ ነው የምትቀየመው። የኪሱሙዋም እናት እናት ናት።

ሸክም እሆናለሁ ብለሻል። አዎ፣ ትሆኛለሽ። ኤልያስ በሲዶና አገር፣ በሰራፕታ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጋግራ ልትሞት እንጨት የምትለቅም መበለት ቤት ነበር የተላከው። መጀመሪያ ለእኔ አምጪልኝ አላት። እኔ ብሆን አፍሬ እመለስ ነበር። እግዚአብሔር ነቢዩን ሊመግብ የፈለገው ግን በዚያች ሴት እጅ ነበር። አንቺ ለመስጠት ተዘጋጅተሽ ነው የምትሄጂው። ስብከቱን፣ መዝሙሩን፣ የልጆች ፕሮግራሙን ይዘሻል። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ተቀባይዋ አንቺ ነሽ። የሚከብድሽም ይህ ይመስለኛል።

ይህ ማለት ግን ዝም ብለሽ ቀለባቸውን ጨርሺ ማለት አይደለም። ዛሬውኑ አስተባባሪያችሁን ጠይቂ፦ ለሚያሳድሩን ቤቶች ለምግብ የሚሆን ነገር ተልኳል ወይ? ካልተላከ ይላክ። ገንዘቡ ደግሞ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት፣ በዚያው ባለችው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በኩል ይድረሳቸው። ከእጅሽ ወደ እጇ አይሁን። ገና ስትገቢ ገንዘብ ብትሰጫት ቤቷን ፔንሲዮን አደረግሽው።

ዲዳኬ የሚባል በጣም ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ አለ። ከቦታ ቦታ የሚዞር አገልጋይ ሲመጣ ተቀበሉት፣ አንድ ቀን ይቆይ፣ ካስፈለገም ሁለት፣ ሦስት ቀን ከቆየ ግን ሐሰተኛ ነቢይ ነው ይላል። በዚያ ቆጠራ አንቺ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተበልተሻል! እዚያው መኖር ለሚፈልግ ሌላ መንገደኛ ደግሞ ሠርቶ ይብላ ይላል። ይቺኛዋ ለአንቺ ትጠቅምሻለች። ሦስት ሳምንት እንግድነት አይደለም፤ ኑሮ ነው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ማጀት ግቢ። ሽንኩርት ክተፊ፣ ዕቃ እጠቢ፣ ውሃ ቅጂ። «ተዪው፣ አንቺ እንግዳ ነሽ» ትልሻለች። አንዴ እሺ በያት። በሁለተኛው ቀን እሺ አትበያት።

ውሃ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላንሳ። አንዲት የማውቃት እህት እዚሁ ድሬ ከውጭ የመጡ ሁለት ወጣት አገልጋዮችን ተቀብላ ነበር። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነው። ልጆቹ በሙቀቱ ተጨንቀው ኖሮ በመጀመሪያው ማታ በርሜሉን ታጥበው ጨረሱት። የሳምንቱን ውሃ! እሷ ሳቀች፣ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ጎረቤት ሄደች። ልጆቹ እስከ ዛሬ አያውቁም። ስለዚህ ከመታጠብሽ በፊት «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ብለሽ ጠይቂ።

የራሴን ጉድ ደግሞ ልንገርሽ። ወጣት ሆኜ ለአጭር አገልግሎት ወደ ምዕራብ ኬንያ ሄጄ ነበር። ያረፍኩት በአንዲት ባሏ የሞተባት እናት ቤት ነው። ማታ ማታ ኡጋሊ ይቀርባል። ገንፎ በይው፣ ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ፣ ቅቤና በርበሬ የሌለው። አብሮት ሱኩማ ዊኪ አለ። ጎመን ነው፤ ስሙ «ሳምንቱን ግፋ» እንደማለት ነው። እኛ ጎመን በጤና የምንለውን ያስታውስሻል። ለሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ከሻንጣዬ ብስኩት እያወጣሁ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቄ እንደ አይጥ መብላት ጀመርኩ። የብስኩቱን ወረቀት ትንሹ ልጇ አገኘው። እናትየው ምንም አላለችኝም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን እኔ ፊት ዳቦ ይቀመጥ ጀመር። የሱቅ ዳቦ፣ ለእኔ ብቻ። ልጆቹ ያዩታል፣ አይነኩትም። ዳቦው በዱቤ እንደሚመጣ ያወቅኩት ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን ነው። በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ ሰብኬአለሁ። የሰበክሁትን ዛሬ አላስታውሰውም። ዳቦውን ግን አልረሳሁትም።

ወደ ሥጋው እንምጣ። የሰማሽው እውነት ነው፤ ኬንያ ውስጥ በብዙ ቄራዎች የሚያርዱት ሙስሊሞች ናቸው። ክርስቲያኑም ያንኑ ገዝቶ ይበላል፣ ጥያቄም አይሆንበትም። ለእኛ ግን ቀላል አይደለም። ድሬና ሐረር ያደገ ሰው ሥጋ ቤቱ ለየብቻ እንደሆነ በልጅነቱ ነው የሚያውቀው። ሠርግ ሲሆን ለሙስሊም ጎረቤት ለብቻው ይታረዳል፣ ለብቻው ይሠራል፣ ለብቻው ይቀርባል። እነሱም ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። እኔ ይህን ልማድ አልንቀውም። አብሮ ለመኖር ያቆየን አንድ የመከባበር መንገድ ነው። እዚህ ሰፈርሽ ውስጥ ያንን ሥጋ መብላት ጎረቤት የሚያየው፣ እናትሽን የሚያስለቅስ ትርጉም አለው። ኪሱሙ ላይ ያ ትርጉም የለም። እራት ነው።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥27 የማያምን ሰው እንኳ ቢጠራችሁ ከሕሊና የተነሣ ሳትመራመሩ የቀረበላችሁን ብሉ ይላል። አንቺ የጠራሽ ደግሞ አማኝ ነው። ስለዚህ ሕሊናሽ ከፈቀደ ባርከሽ ብዪ። «ማን አረደው?» ብለሽ አትጠይቂ። ሕሊናሽ እሺ ካላለሽ ደግሞ አትብዪ፤ ሮሜ 14 እየተጠራጠረ የሚበላ ራሱን ይኮንናል ይላል። ያኔ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሥጋ ሳይገዛ፣ «እኔ ሥጋ አልበላም፣ ዓሣ ግን እወዳለሁ» በያት። ኪሱሙ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ናት፣ ዓሣ አታጪም። ምክንያቱን ግን ወደ ትምህርት አትለውጪው። ጓደኛሽ ከበላች አትፍረጂባት፣ እሷም አትናቅሽ። ብትበዪ ደግሞ ድሬ ስትመለሺ ቡና ላይ እንደ ጀብዱ አታውሪው። እናትሽን ምን በደለችሽ?

በነገራችን ላይ ጴጥሮስን የኢየሩሳሌም ወንድሞች የከሰሱት በምን እንደሆነ አስተውለሻል? ሐዋርያት ሥራ 11፥3 ነው። ለአሕዛብ ሰበክህ አላሉትም። ወዳልተገረዙ ሰዎች ገብተህ ከእነሱ ጋር በላህ ነው ያሉት። ከዚያ በፊት ደግሞ ኢዮጴ ላይ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት አያሌ ቀን ተቀምጧል። ቁርበት የሚፋቅበት ቤት ሽታውን አስቢው። ለአንድ አይሁዳዊ ደግሞ ከሽታውም በላይ የርኩሰት ጉዳይ አለበት። ርኩስ የሚባሉ እንስሳት ያሉበት ያ ጨርቅ ከሰማይ ሲወርድ ያየው በዚያ ቤት ሰገነት ላይ ነው፤ ያውም ርቦት ምግብ እስኪዘጋጅለት ሲጠብቅ። ከአሕዛብ ወገን የሆነው የመቶ አለቃ ቆርኔሌዎስ ቤት ከመግባቱ በፊት የቁርበት ፋቂው ቤት ያለማመደው ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ቃሉ እንዲህ አይልም።

ጾሙ ቀላል ነው። ጹሙ። ግን እሷ ማልዳ ተነሥታ ሻዩን ከወተት ጋር አፍልታ፣ ቻፓቲ ጋግራ ካቀረበች በኋላ «ዛሬ ጾም ነን» አትበሉ። ከዋዜማው ንገሯት። በመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕን ብትዘሉት ደግሞ እኔ ከቡድናችሁ መሪ ጋር እነጋገርላችኋለሁ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የቆየ የሐረሪ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? ጫማሽን አውልቀሽ ነው የምትገቢው። ከፊትሽ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፣ ነደባ ይሏቸዋል። የቤቱ ታላቅ የሚቀመጥበት አሚር ነደባ ለብቻው ነው። የማያውቅ እንግዳ ሰተት ብሎ እዚያ ላይ ይወጣል። ማንም አይቆጣውም፤ ሁሉም ግን አይቶታል። የሰው ቤት ሁሉ የራሱ አሚር ነደባ አለው፣ አንዳንዱ ቤት አይታይም እንጂ። የአባት ወንበር ይሆናል፣ የአያት ኩባያ ይሆናል፣ ማታ የሚጸለይበት ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝም ብለሽ እይ። ቤት ለቤት የምንለብሳትን ስስ ሽቲ ደግሞ ከክፍልሽ ይዘሻት አትውጪ፣ ሙቀቱ ቢያስመኝሽም።

ሰው ቤት ስትደርሺ «ሆዲ!» በዪ። የእኛ «ቤቶች!» ነው። «ካሪቡ» ይሉሻል። አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምርልሽ፦ ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት የእነሱም አንድ ሰዓት ነው። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን በፈረንጅ ይቆጥራሉ። እራት ሁለት ሰዓት ነው ሲሉሽ በየትኛው ቋንቋ እንዳሉሽ አረጋግጪ። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ቤተሰብ በረሃብ አስቀምጫለሁ።

አጎበርሽን ይዘሽ ሂጂ። የሐይቁ አካባቢ ወባ አለበት፣ እንደ ድሬ። ካልያዝሽ ከልጆቻቸው አልጋ ላይ ፈተው ነው የሚሰጡሽ።

ልጆቹን ፎቶ አንስተሽ ቴሌግራም ላይ «ችግረኞቹ ያስተናገዱን» ብለሽ እንዳትለጥፊ። ያበላሽ ሰው ችግረኛ አይባልም። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስልክ፣ ወደ ኢትዮጵያ መምጣት፣ ምንም ቃል አትግቢ። ከጠየቁሽ «ለመሪዎቻችን እነግራለሁ» በዪ፣ ደግሞም ንገሪ። የሦስት ሳምንት ፍቅር ቃል ያስገባል፣ ድሬ ስትመለሺ ግን ደሞዝሽ ያው ነው።

አሁን ደግሞ በጣም ቁም ነገር የሆነውን ልንገርሽ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው በሰላም ቤት ነው። በቤቱ ካለ ወይም ወደ ቤቱ ከሚመጣ ሰው ማንም ያለአግባብ ቢነካሽ፣ ማታ በርሽን ቢያንኳኳ፣ ሰውነትሽን የሚያስፈራሽ ነገር ቢኖር «ያከበሩኝን ሰዎች አዋርዳለሁ» ብለሽ አትቀመጪ። በዚያው ሰዓት ለመሪሽ ደውዪና ውጪ። ጌታ እዚያው ሉቃስ 10 ላይ የማይቀበል ከተማ እንዳለ፣ ከእግር ላይ ትቢያ የሚራገፍበት ጊዜ እንዳለም ተናግሯል። ከጓደኛሽ ጋር አንድ ክፍል መሆናችሁን ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

ስጦታ ምን ልያዝ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን እነግርሻለሁ። የሐረር ቡና፣ እዚሁ ተቆልቶ የተፈጨ። ከመጋላ ሐሉዋ ለልጆቹ። ኬንያ ሻይ ጠጪ ስለሆነች ቡናሽ መጀመሪያ ላይ ቢመርራቸው አትቀየሚ፣ ስኳር ይጨምሩ። ሁለተኛው እሁድ ላይ፣ ማጀቱን ከለመድሽው በኋላ፣ «ዛሬ እኔ ላስተናግድ» በያትና አያትየውን ጭምር ጠርተሽ አፍዪላቸው። ጀበናውን ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው፣ ይሰበራል። በፎጣ ጠቅልለሽ በእጅሽ ያዢው።