ገዳዩ ጣሊያናዊ እንዳይሆን፦ የወንጀል ፊልም ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ስክሪፕታችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ እኔም ደስ እያለኝ አነባለሁ። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ለመሥራት ያላችሁ ጉጉት ያስቀናል። አንድ ነገር ግን ሰላም ነስቶኛል። ባነበብኳቸው ታሪኮች ሁሉ ማለት ይቻላል ገዳዩ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ነው። ወይ ከውጭ አገር የገባ ነጋዴ ነው፣ ወይ «ማፊያ» የሚባል ፊቱ የማይታይ ቡድን ነው፣ ወይ ደግሞ ማንም የማያውቀው እብድ ነው። አባትየው፣ ዳኛው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ቤቱን ያቆመው ታላቅ ወንድም፣ እነዚህን የሚጠረጥራቸው የለም።

ስለዚህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጣሊያኖች ስለ ሠሩት የወንጀልና የምስጢር ፊልም ልጽፍላችሁ ፈለግሁ። ሩቅ አገር፣ ሩቅ ዘመን ይመስላችኋል፤ ታሪኩ እየሄደ እኛው ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ዓመተ ምሕረቱን እንደ ጣሊያኖቹ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ድምፅ አልባውን ዘመን እዩ። በ1915 ቱሪን ከተማ ኮሮና ፊልም የሚባል ኩባንያ «ፊሊቡስ» የተሰኘ ፊልም አወጣ። ዳይሬክተሩ ማሪዮ ሮንኮሮኒ ነው፤ ታሪኩን የጻፈው ጆቫኒ ቤርቲኔቲ ነው። ሌባዋ ሴት ናት። በአየር መርከብ እየተንሳፈፈች ትመጣለች፣ ከላይ በገመድ ትወርዳለች፣ ሰርቃ ተመልሳ ትወጣለች። አንዳንዴ እመቤት ሆና፣ አንዳንዴ ወንድ ሆና ለብሳ ከሰው መሃል ትቀመጣለች። መርማሪው ኩት ሄንዲ ይባላል። ራሱን ስቶ ሳለ የእጁን አሻራ ትወስድና በእሱ አሻራ ጓንት ታዘጋጃለች። ከዚያ በኋላ የምትነካው ነገር ሁሉ የመርማሪውን እጅ ይመሰክራል። ሰውየው ሌባ ሲያሳድድ ኖሮ ውሎ አድሮ «እኔ እሆን እንዴ?» ብሎ ራሱን መጠርጠር ይጀምራል።

ይህን ጓንት ደጋግማችሁ እዩልኝ። ቃል የለውም፣ ማብራሪያ የለውም፤ ተመልካቹ በዓይኑ ብቻ ይረዳዋል። እናንተ ማስረጃን በንግግር ነው የምታስገቡት፦ አንዱ ገጸ ባሕርይ ስልክ ያነሳና «ምርመራው ውጤት መጣ» ይላል። ኤዲተር በእንደዚህ ዓይነት ትዕይንት ምንም ሊሠራ አይችልም። ጓንት ካለው ግን እጁን ያሳያል፣ ጠረጴዛውን ያሳያል፣ የመርማሪውን ፊት ያሳያል፤ በሦስት ቁራጭ ምስል ጥርጣሬ ይወለዳል። ደግሞ ቤርቲኔቲ ከሁሉም የከበደውን ነገር በዚያ ዘመን ማድረጉን አስተውሉ፤ ጥርጣሬውን መርማሪው ላይ ጣለው።

(ፊልሙ ዛሬ ያለው አንድ የሆላንድ ፊልም አከፋፋይ ዣን ዴስሜት የሚባል ሰው ቅጂዎቹን ሳይጥል ስላስቀመጠ ነው። አምስተርዳም በሚገኘው የፊልም ሙዚየም ተጠብቆ ቆይቷል። የሠራችሁትን ሃርድ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ የምትረሱ ልጆች ይህን ልብ በሉ።)

በዚያው ዘመን ስሙ የገነነ ሌላ ሰው ኤሚሊዮ ጊዮኔ ነው። በ1879 ቱሪን ተወለደ። ፊቱ የከሳ፣ አጥንቱ የወጣ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ነበር፤ በዚያ ፊት «ዛ ላ ሞር» የሚባል ሽፍታ ፈጠረ፤ ራሱ ተወነ፣ ራሱ ዳይሬክት አደረገ። ካሊ ሳምቡቺኒ «ዛ ላ ቪ» ሆና አብራው ትጫወት ነበር። በ1918 «ግራጫ አይጦች» የሚለውን በስምንት ክፍል ሠራ። ጣሊያን ውስጥ ሕዝብ የሚሻማበት ሰው ነበር፤ በ1930 ደህይቶና ታሞ ሞተ። የዛ ላ ሞር ዓለም የፓሪስ የወንበዴ ሰፈር ነው፤ ካሜራው ግን የቆመው ሮም ዳርቻ ላይ ነበር። ፈረንሳዮቹ «ፋንቶማስ» በሚባለው የወንጀለኛ ተከታታይ ፊልማቸው ገበያውን ስለያዙት ወንጀል የፓሪስ ነገር ተደርጎ ቀረ። ገና ማንም ሳይከለክላቸው በፊት፣ በገበያ ብቻ፣ ወንጀሉን ከቤታቸው አውጥተው ጎረቤት አገር አስቀመጡት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣሊያን ፊልም ወደቀ። ያነሳው ስቴፋኖ ፒታሉጋ የሚባል ነጋዴ ነው፤ ቺነስ የተባለውን አሮጌ ኩባንያ ይዞ ሮም ውስጥ ስቱዲዮውን ለድምፅ አዘጋጀ፣ በ1930 የመጀመሪያው ጣሊያንኛ ተናጋሪ ፊልም ከዚያ ወጣ። ወዲያው ጉይዶ ብሪኞኔ የችሎት ፊልም ሠራ፤ ኑንዚዮ ማላሶማ በ1931 «ጥፍረኛው ሰው» የሚለውን አስከተለ። ለምን ችሎት? እኔ እንደ ባለሙያ ስገምተው፣ በዚያ ጊዜ ካሜራው ጩኸቱ እንዳይቀረጽ ሳጥን ውስጥ ይዘጋ ስለነበር እንደ ልብ አይንቀሳቀስም፤ ችሎት ደግሞ ሰው በቦታው ቆሞ የሚናገርበት ክፍል ነው። የመሣሪያው ችግር የታሪኩን ዓይነት መረጠላቸው። በጀት የለንም እያላችሁ የምታማርሩ፣ አንድ ክፍልና ስድስት ሰው ይበቃችኋል።

አንባቢውን ያዘጋጀው ግን መጽሐፍ ነው። ሞንዳዶሪ የተባለው የሚላኖ አሳታሚ በ1929 በቢጫ ሽፋን የወንጀል ልብ ወለዶች ማውጣት ጀመረ። እጅግ ተሸጡ፤ እስከ ዛሬም ጣሊያኖች የዚህን ዓይነት ታሪክ በሽፋኑ ቀለም ነው የሚጠሩት። መጽሐፎቹ መጀመሪያ የእንግሊዞችና የአሜሪካኖች ትርጉም ነበሩ። በ1933 ማሪዮ ካሜሪኒ ከኤድጋር ዋላስ ተውኔት ተነስቶ ፊልም ሲሠራ ርዕሱን ያንኑ ቀለም አደረገው፦ «ጃሎ»። ወጣት ሚስት ባሏ ስሙን የቀየረ ነፍሰ ገዳይ ነው ብላ ትጠረጥራለች። ሚስቲቱ አሲያ ኖሪስ ናት፤ ሩሲያ የተወለደች፣ በኋላ የካሜሪኒ ባለቤት የሆነች። ካሜሪኒ እጁ ቀላል ነው፣ ቤቱን በጥላ ሞላው፣ ከጥላው መሃል ሳቅ አወጣ። ጥርጣሬው መጨረሻ ላይ ተንኖ ይጠፋል፤ ባልየው ንጹሕ ነው።

በዚያው ዓመት አሌሳንድሮ ብላዜቲ «የሃለር ጉዳይ»ን ሠራ፤ ቀን ዓቃቤ ሕግ ሆኖ ሌሊት ሳያውቀው ወንጀለኛ የሚሆን ሰው ታሪክ ነው። ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ ነገር ግን ከጀርመን ፊልም የተወሰደ ነው፣ ስሙም ጀርመን ሆኖ ቀረ። ራፋኤሎ ማታራዞ በ1935 በሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የሚካሄድ የምስጢር ፊልም ሠራ፤ በ1936 አሜሪካዊ ወሮበላ ያለበት ቀልድ፣ በ1939 «የሌሉት ሰዎች ሆቴል»። ማታራዞ ጎበዝ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሕዝብ እያለቀሰ የሚያያቸውን የቤተሰብ ፊልሞች ሲሠራ ምን ያህል እንደታፈነ ታየ።

ያፈነው ደግሞ ሥርዓቱ ነው። ሙሶሊኒ ራሱ ጋዜጠኛ ነበርና የወንጀል ዜና ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጋዜጦች የግድያና የራስ ማጥፋት ወሬ እንዲቀንሱ ታዘዙ። ፋሺስት ጣሊያን ሥርዓት የያዘች፣ ወንጀል የነቀለች አገር ናት ተባለ። ከ1934 ጀምሮ በሉዊጂ ፍሬዲ የሚመራው የፊልም ዳይሬክቶሬት ስክሪፕቶችን ከመቀረጻቸው በፊት ማየት ጀመረ። ለልብ ወለዶቹም በ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ መመሪያ ወጣ፦ ገዳዩ ጣሊያናዊ መሆን የለበትም፣ ከፍትሕም ማምለጥ የለበትም። በ1941 የሞንዳዶሪ ቢጫ መጽሐፍት ጭራሹን ተቋረጡ።

ይህ ሲሆን በዚያ ሙያ ውስጥ የነበረ ሰው ምን ያደርጋል? አብዛኛው ታሪኩን ወደ ሌላ አገር ላከ፤ ደራሲው ኤዚዮ ዴሪኮ መርማሪውን ፓሪስ አስቀመጠ። አውጉስቶ ዴ አንጀሊስ ግን ሚላኖን አልለቀቀም። ኮሚሳር ዴ ቪንቼንዚ የሚባለው መርማሪው በጭጋጉ መሃል፣ በሚላኖ ጎዳና፣ በሚላኖ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚሠራው። ዴ አንጀሊስ ጋዜጠኛ ነበር። በ1943 ሙሶሊኒ ሲወርድ ፋሺዝምን የሚቃወም ጽሑፍ ጻፈ፤ ሥርዓቱ ተመልሶ ሲቆም ታሰረ። ከተፈታ በኋላ በ1944 አንድ ፋሺስት ደብድቦት በዚያው ጉዳት ሞተ። መርማሪው በጣሊያን ቴሌቪዥን የታየው በ1974 ነው፣ በፓኦሎ ስቶፓ ተዋናይነት። ያኔ ደራሲው ካረፈ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ያ ቀልድና ጥላ አዋቂው ካሜሪኒ በ1936 «ታላቁ ጥሪ» የሚል ፊልም ሠራ፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ማሪዮ ሶልዳቲ ነው። ታሪኩ ጅቡቲ ላይ ነው። ካሚሎ ፒሎቶ የሚጫወተው ጣሊያናዊ እዚያ ሆቴል አለው፤ አገሩን ረስቷል፤ ለኢትዮጵያውያን ጦር መሣሪያ ያስተላልፋል። ልጁ ከወራሪው ጦር ጋር መጥቷል። አባትየው በመጨረሻ ይጸጸታል፣ ለጣሊያን ሲል ይሞታል።

ፊልሙን በሙያዬ ዓይን ባየሁት ቁጥር የሚያመኝ ይህ ነው፦ አገሩ ጣሊያናዊ ወንጀለኛ ሆኖ እንዲታይ አትፈልግም፤ እዚህ ግን ጣሊያናዊው ጥፋተኛ ሆኖ ቀርቧል። ጥፋቱ ምንድን ነው? ለአባቶቻችን ጠመንጃ መሸጡ። ከላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ የሚያወርደው ንጹሕ ሆኖ፣ ራሱን ለሚከላከለው መሣሪያ ያቀበለው ሰው ነው ኃጢአቱን በሞቱ የሚያጥበው። ሙያው ጥሩ ነው። ትወናው ጥሩ ነው። ለዚህም ነው የበለጠ የሚከፋው።

በዚያው ጊዜ እውነተኛው ወንጀል ኮረም አጠገብ ይፈጸም ነበር። የቀይ መስቀሉ ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ማርሴል ዡኖ በጋዝ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቶ መስክሯል። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1936 ጄኔቭ ላይ ተናገሩ። ሉቸ የሚባለው የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ተቋም ካሜራዎች ዘመቻውን ሲቀርጹ ከርመው ጋዙን ለሕዝባቸው አላሳዩም። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (በእነሱ 1937) አዲስ አበባ በደም ስትታጠብም የሮም ሲኒማ ቤቶች ሌላ ነገር ያሳዩ ነበር፤ ሁለት ወር ቆይቶ ሙሶሊኒ ቺነቺታ የሚባለውን የሮም ትልቅ የፊልም ስቱዲዮ በክብር መረቀ። ከጦርነቱ በኋላ አንጀሎ ዴል ቦካ የሚባል ጣሊያናዊ ጋዜጠኛና ታሪክ ጸሐፊ ሰነድ እየቆፈረ ጋዙን ሲጽፍ በገዛ አገሩ ሰዎች ተሰደበ፣ ዋሾ ተባለ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት። አስከሬን አለ፣ ምስክር አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ካጅ አለ፤ መርማሪ ብቻ ነው የጠፋው። ካሜሪኒ፣ ብላዜቲ፣ ማታራዞ የምስጢር ፊልም እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ የዘመናቸው ትልቁ የምስጢር ታሪክ በስማቸው ሲፈጸም እጃቸው ለሌላ ሥራ ዋለ።

ልጆቼ፣ ሰዎቹን እንድትንቁ አይደለም የጻፍኩላችሁ። ብዙዎቹ እናንተን የሚመስሉ፣ ሥራ የሚፈልጉ፣ ካሜራ የሚወዱ ወጣቶች ነበሩ። የምላችሁ በሥራ ላይ ያለ ነገር ነው። ስክሪፕታችሁን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ በታሪኩ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ጻፉ። ከዚያ «ይሄን ሰው ገዳይ ባደርገው ማን ይቆጣኛል?» ብላችሁ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ መልሱን አስፍሩ። አባቴ ይቆጣል፣ ስፖንሰሩ ይቆጣል፣ የሰፈሬ ሰው ይቆጣል፣ ብሔሬ ይቆጣል፣ ፈቃድ ሰጪው ይቆጣል። ማንም የማይቆጣበትን ስም መጀመሪያ ሰርዙት፤ ገዳዩን ከቀሩት መሃል ፈልጉ። ሰውየውን ስታሳዩት ደግሞ አትጥሉት፤ ቡና ሲጠጣ፣ ልጁን ሲያቅፍ፣ እንግዳ ሲቀበል አሳዩት። ገመናችንን በአደባባይ ማውጣት ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ሁላችንም «የቤት ጉድ ለጎረቤት አይነገርም» እየተባለ ነው ያደግነው። ነገር ግን የምስጢር ፊልም ሌላ ሥራ የለውም።

መጀመሪያ «ፊሊቡስ»ን እዩ፤ ቋንቋ አያስፈልጋችሁም። ቀጥሎ «ጃሎ»ን፣ በሳምንቱ «ታላቁ ጥሪ»ን፣ የአንድ ዳይሬክተር ሥራ መሆናቸውን ሳትረሱ። ሁለቱን ስታዩ በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ ጥርጣሬው በማን ላይ እንደወደቀ፣ ካሜራው ደግሞ ማንን እንዳለፈ ማስታወሻ ያዙ። ማስታወሻውን ከስክሪፕታችሁ ጋር አያይዛችሁ አምጡልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ አብረን እናየዋለን።