የካምኮርደር ቪዲዮ ኤዲት ከመደረጉ በፊት ኮንቨርት ስለማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የካሜራዬ ፋይሎች ኤምቲኤስ ናቸው። ኤዲት ሳደርግ ይቆራረጡብኛል። ወደ ኤምፒፎር ልቀይራቸው?

መልስ፦ አትቀይር። ኤምፒፎር መያዣ ብቻ ነው፤ ወሳኙ ውስጡ ያለው ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮው የታመቀበት ዘዴ ነው። ኤምቲኤስህ ውስጥ ያለው ኤች 264 ነው። ኮንቨርተሩም አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ኤች 264 ያደርገዋል። ጥራት ታጣለህ፣ መቆራረጡም አይቀርልህም። ለኤዲቲንግ ወደተሠራ ኮዴክ ውሰደው፦ ፕሮሬስ 422 ወይም ዲኤንኤክስኤችዲ። ዲስክ ይበላል። 1080 በ25 ፍሬም ከሆነ፣ ፕሮሬስ 422 በሰዓት 55 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ቦታ ከሌለህ በፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲቲንግ ብቻ በሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ ሥራ። ኦሪጅናሉን ግን እንዳታጠፋ።

ጥያቄ፦ ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ይታየኛል። ካሜራዬ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ካሜራሽ ደህና ነው። ኢንተርሌስ ነው፤ ብዙ ሰው ቪዲዮውን የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በ50አይ (በሰከንድ 50 ፊልድ) ሲቀረጽ አንዱ ፍሬም ሁለት ፊልዶች ይይዛል። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች በአንድ ቅጽበት፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ደግሞ በሌላ ቅጽበት የተነሱ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሰከንድ 1/50 ነው። ስለዚህ በሰከንድ 50 የተለያዩ ቅጽበቶች አሉሽ። ኮንቨርተሩ ወደ 25 ፍሬም ካወረደው ግማሹ እንቅስቃሴ ሄደ ማለት ነው፤ ተመልሶም አይገኝም። ወደ 50 ፍሬም ፕሮግረሲቭ (እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ምስል ወደሆነበት) አውጪው። ኤፍኤፍኤምፔግ (ነጻ የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም) ውስጥ ያለው የቢደብሊውዲአይኤፍ ፊልተር ሴቲንጉን ሳትነካኪ ይህን ያደርጋል። ያዲፍ የሚባለው ሌላው ፊልተር ግን ካላዘዝሽው 25 ብቻ ነው የሚያወጣው።

የፊልድ ቅደም ተከተሉንም እይ። ዲቪ (የድሮው ዲጂታል ካሴት) ከታችኛው ፊልድ ይጀምራል፣ ኤችዲ ከላይኛው። ከተገለበጠ እጁን የሚያወዛውዝ ሰው ወደፊትም ወደኋላም ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ አጭር ቁራጭ ሞክሪ፣ ከዚያ ሁሉንም። ኦሪጅናሉን አታጥፊ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ይሄ ሁሉ ለምን? ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክለው የለ እንዴ?

ሌላ ተሳታፊ፦ የኔ አያስተካክልም። አንዱን ፊልድ ጥሎ ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ሌላ ተሳታፊ፦ ሴቲንግህ ነዋ! ለመሆኑ ኮምፒውተርህ ስንት ራም አለው?

መልስ፦ ራሙን ተዉት፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። የፕሮግራማችሁ ዲኢንተርሌስ (ኢንተርሌሱን የማስተካከል ሥራ) ጥሩ ከሆነ አትንኩት። ካልሆነ ቀድማችሁ ሥሩ።

ጥያቄ፦ ምርጡ ሴቲንግ የቱ ነው?

መልስ፦ የምን ካሜራ? በምን ፕሮግራም? እነዚህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ጥያቄ፦ የድሮ ካሴት ነው፣ 720 በ576። ፎርኬ ላድርገው?

መልስ፦ አሁን አይደለም። በራሱ መጠን ኤዲት አድርግ።

ጥያቄ፦ ረጅሙ ቀረጻ በብዙ ፋይል ተከፋፍሎ ነው የመጣው። ስገጣጥመው ድምፁ ይዘላል።

መልስ፦ ኤምቲኤሶቹን ብቻ ለይተሽ ስላወጣሽ ነው። የካርዱን ፎልደር ከነመዋቅሩ እንዳለ ቅጂው፣ ከዚያ በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ በኩል አስገቢው። የት ከየት እንደሚቀጥል የሚናገረው መረጃ ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ፕሮግራም ኤምቲኤስን ጭራሽ አይከፍትም። ታዲያ ኤምፒፎር ላድርገው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ! ያንተ ጉዳይ ግን ትንሽ ይለያል። መያዣውን ብቻ ቀይር፦ ኤፍኤፍኤምፔግ ላይ ቪዲዮውን ኮፒ በለው፣ እንደገና ኢንኮድ አታድርገው። ጥራቱ እንዳለ ይቆያል፣ በደቂቃዎችም ያልቃል። ከተከፈተልህ በኋላ የሚቆራረጥ ከሆነ ወደ ፕሮሬስ። ኦሪጅናሉን እንዳታጠፋ ብያለሁ።